የትኛውን ቼይንሶው ልግዛ? ባለ ገመዱን፣ ባለ ባትሪውን ወይስ ትንሿን (ለጅማና ለአካባቢው ሰው)

ቡና ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ጥርና የካቲት ላይ ጅማ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መቁረጥ ያምረዋል። ያረጀ ቡና የሚጎነድል አለ፣ የጥላ ዛፍ የሚያሳሳ አለ፣ ግቢው ውስጥ የተከላት ግራቪሊያ አድጋ ቆርቆሮው ላይ የተኛችበት አለ፣ ለክረምት ማገዶ የሚያከማችም አለ። ከዛ ጥያቄው ይመጣል፣ የኤሌክትሪክ ቼይንሶው ልገዛ ነበር የቱ ይሻለኛል? እኔ የምውለው ማሽን ተበላሽቶ በሚመጣበት ቤት ስለሆነ እነዚህን መጋዞች ሱቅ ላይ ሲያብረቀርቁ ሳይሆን ኮይላቸው ተቃጥሎ ነው በደንብ የማውቃቸው፣ ምክሬም በዛው በኩል ነው።

ማንበብ ለማይወድ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ስራህ ከሶኬት 30 ሜትር ያልራቀ ከሆነ ባለ ገመዱን ግዛ፣ ሌላ አትፈልግ። ስራህ ማሳ ላይ ከሆነ ባለ 36 ቮልት ባትሪውን ከሁለት ባትሪ ጋር ግዛ፣ ለሁለተኛው ባትሪ ብር ካልሞላልህ እስኪሞላ ጠብቅ። ትንሿ በአንድ እጅ የምትያዘው ለቅርንጫፍ ብቻ ናት፣ እሷም ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የምትፈልገው ናት። ቤንዚኑን ዛፍ መጣል እንጀራው ለሆነ ሰው ተውለት። አሁን ለምን እንደዚህ እንዳልኩ።

ባለ ገመዱ

ዋጋው ከሌሎቹ ቀላል ነው፣ ሰውም ከሁሉም አብልጦ የሚንቀው እሱን ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ከ1600 እስከ 2400 ዋት ነው፣ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ብዙ ጊዜ 14 ወይ 16 ኢንች፣ ማለትም 35 ወይ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 4፣ 5 ኪሎ ቢሆን ነው። መሬት ላይ የተጋደመ ባህር ዛፍ በደንብ ይቆርጣል፣ ባትሪ አለቀ አላለቀ ጣጣ የለውም፣ እያሳረፍክ ቀኑን ሙሉ መስራት ነው። ሞተሩም ቀላል ነው፣ አብዛኛው ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ) ያለው ስለሆነ ካርቦኑ ሲያልቅ በካቻቪቴ ክዳኗን ፈተህ ትቀይራለህ፣ የግራይንደር ካርቦን የሚሸጥበት ቦታ ሄደህ አሮጌውን ካሳየህ ልኩ ይገኝልሃል።

የሚያቃጥለው ኤክስቴንሽኑ ነው። ሰው 2000 ዋት መጋዝ ገዝቶ ለቲቪና ለስልክ ቻርጀር የተሰራ ቀጭን ገመድ ላይ ይሰካዋል። ሒሳቡን እንየው፣ 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ 50 ሜትር ስትዘረጋ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሚጓዘው 100 ሜትር ነው፣ መንገድ ላይ ብቻ ከ20 ቮልት በላይ ይቀልጣል። ያንኑ ርቀት በ2.5 ሽቦ ብትሄድ የሚጠፋው 7 ቮልት እንኳን አይሞላም። ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ በሚያነሳበት ሰዓት ደግሞ ከቆጣሪው የሚወጣው ራሱ ከ220 ወርዶ ነው የሚደርስህ፣ ስለዚህ መጋዙ ጋ የሚደርሰው 190 ምናምን ይሆናል ማለት ነው። ጉልበት ያጣል፣ አንተ ደግሞ እምቢ አለኝ ብለህ ትጫነዋለህ፣ ስትጫነው አምፔሩ ይወጣል፣ ዞሮ ዞሮ ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባው ፋን የሚሽከረከረው በዛው ሞተር ስለሆነ ፍጥነቱ ሲወርድ ማቀዝቀዙም አብሮ ይወርዳል። ከዛ ያ የታወቀው ሽታ ይመጣል። ባለቤቱ እኛ ጋ ይዞት ሲመጣ "የቻይና ስለሆነ ነው" ይላል፣ ገመዱን አምጣ እስኪ ስንለው ግን የስልክ ቻርጀር ገመድ የሚያክል ነገር ጠቅልሎ ያመጣል።

በቃ፣ እስከ 25 ሜትር 1.5 ሽቦ፣ ከዛ በላይ እስከ 50 ሜትር 2.5 ሽቦ አድርግ። በኤሌክትሪክ እቃ መሸጫ ሽቦውን በሜትር አስቆርጠህ ስፒናና ሶኬት አስገጥመህ ማሰራት ትችላለህ፣ ከተዘጋጀው ይሻላል። ጥቅልል ላይ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ 10 ሜትር ብቻ ቢያስፈልግህም ሙሉውን ዘርጋው፣ ተጠቅልሎ ጭነት ሲሸከም ውስጡ ያለው ሙቀት መውጫ አጥቶ ላስቲኩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ገመዱ ሁሌም ከጀርባህ ይሁን፣ በቀኝ ትከሻህ አልፎ ወደ ኋላ፣ ወደምትቆርጥበት አቅጣጫ በፍጹም አይምጣ። ቆጣሪህ ጋ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በራሱ የሚዘጋ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ካላስገባህ አስገባ፣ ገመዱን በስህተት ብትቆርጠው የሚያድንህ እሱ ነው፣ የተለመደው ብሬከር ሰው ሲነዝር አይዘጋም፣ የተሰራው ለሽቦው ነው።

መብራት መጥፋቱስ? ጊልጌል ጊቤ አንድ በ2004 በፈረንጆቹ ስራ ሲጀምር 184 ሜጋ ዋት እዚሁ ጎናችን ነው የተተከለው፣ አሁንም ግን መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ በቃ ለምደነዋል። ግንድ መሃል ላይ እያለህ ከጠፋ ምላጩን (በጣት የሚሳበውን ማስነሻ) ልቀቅና መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬት ንቀል፣ ከዛ ነው ባሩን ከግንዱ የምታላቅቀው። እጅ እንዳይደክም ብሎ ምላጩን በጎማ ወይ በገመድ የሚያስር ሰው አለ፣ እንደዚህ ያለ መጋዝ መብራቱ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ጄኔሬተር ካለህ ደግሞ ለ2000 ዋት መጋዝ ከ3 ኪሎ ዋት ያነሰውን አትሞክር፣ ሲነሳ የሚስበው ከተጻፈው በላይ ነው።

ዝናብ ላይ ባለ ገመዱን ማንሳት የለም። ጅማ ደግሞ ፀሐይ እያለም ያዘንባል፣ ስለዚህ ሳሩ እርጥብ ከሆነ፣ የኤክስቴንሽኑ መጋጠሚያ ጭቃ ላይ ከተኛ ነገ ይደርሳል።

ባለ ባትሪው

ጥሩ ባለ ባትሪ መጋዝ የያዘ ሰው ወደ ገመድ አይመለስም፣ እሱ እውነት ነው። ማና ወይ ጎማ ወረዳ ያለ ቡና ማሳ ውስጥ ሶኬት ከየት ይመጣል? ቤንዚን የለ፣ ጭስ የለ፣ ገመድ አይጠላልፍህ፣ ስትለቀው ዝም ይላል። ብዙዎቹ አሁን ካርቦን የሌለው ሞተር ነው ያላቸው፣ ብራሽለስ የሚሉት፣ እሱ ብዙም አይግልም፣ ባትሪም ይቆጥባል፣ የሚለወጥ ካርቦንም የለውም። ምርጫ ካለህ ብራሽለስ የሚል የተጻፈበትን ውሰድ።

ሰው የማይጠይቀው ባትሪው ስንት ዋት ሰዓት እንደሚይዝ ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዛው፣ በቃ። 36 ቮልት ሲባዛ 4 አምፔር ሰዓት 144 ዋት ሰዓት ነው። መጋዙ እንጨት ውስጥ ሲገባ 1000 ዋት ቢወስድ፣ ያ ባትሪ የሚሰጥህ ስምንት ደቂቃ ተኩል ገደማ የመቁረጫ ጊዜ ነው። ስትሰማው ትንሽ ይመስላል፣ ግን እየቆረጥክ፣ እያነሳህ፣ እየተራመድክ ስለሆነ በተግባር ከዛ ብዙ እጥፍ ይቆይልሃል። ቢሆንም አንድ ባትሪ ይዞ ማሳ መውረድ ማለት ማለዳ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስራ አቁሞ ቁጭ ማለት ነው። ለዛ ነው ሁለት ባትሪ ያልኩት። ባትሪው ለብቻው ሲሸጥ ውድ ነው፣ አንዳንዱ ሱቅ ደግሞ ማሽኑን ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር ነው የሚሸጠው፣ ዋጋው ሲቀንስብህ ቶሎ ደስ አይበልህ፣ ካርቶኑን ክፈትና እይ። ቤትህ ማኪታ ወይ ኢንግኮ ወይ ቶታል ድሪል ካለህ የዛኑ ብራንድ ባትሪ የሚቀበል መጋዝ መግዛት ብር ይቆጥብልሃል። ማኪታ ለምሳሌ ሁለት 18 ቮልት ባትሪ ደርቦ 36 የሚያደርጉ መጋዞች አሉት፣ የድሪልህን ባትሪ ትጠቀምበታለህ ማለት ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ ይላክልኝ ለምትሉ፣ ይሄን በደንብ አንብቡ። አሜሪካ የሚሸጠው ባለ ገመድ መጋዝ ለ120 ቮልት የተሰራ ነው፣ እዚህ 220 ላይ ስትሰካው ያኔውኑ ይሞታል፣ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ልግዛ ብትልም ለ2000 ዋት የሚሆነው ከመጋዙ ይከብዳል። ስለዚህ ባለ ገመድ ከአሜሪካ አታስመጣ፣ ከአውሮፓ ወይ ከዱባይ ይሁን። ባለ ባትሪም ቢሆን ቻርጀሩን እይ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ይሰራል፣ 120 ብቻ ካለ አይሆንም። ሌላው አውሮፕላን ነው። መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ካርጎ አይሄድም፣ በእጅ ነው የሚያዘው፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት ችግር የለም፣ ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱን አስፈቅዶ ነው፣ ከ160 በላይ መንገደኛ ይዞ አይሳፈርም። 18 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት 90 ነው፣ ያልፋል። ከላይ ያሰላነው ባለ 144 ፈቃድ ይፈልጋል። 40 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት የሚለው ግን ኤርፖርት ይቀራል፣ ዘመድህንም አታስጨንቀው።

አያያዙ ብዙ አይደለም። ለወራት የማትጠቀምበት ከሆነ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርገህ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ፣ ሙሉውንም ባዶውንም አድርገህ አትተወው። ከስራ እንደወጣ ገና ትኩስ እያለ አትሰካው፣ ይብረድ። ቆርቆሮ ስር፣ መኪና ውስጥ፣ ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እየመታው አይዋል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀል፣ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያ ግፊት ነው ቻርጀር የሚያቃጥለው፣ ትንሽ ቆይተህ ስካው።

ትንሿ

ይቺ ባለ 4፣ 6 ወይ 8 ኢንች በአንድ እጅ የምትያዘው አሁን መርካቶም የጅማው ሂርማታ ገበያም የሌለችበት ሱቅ የለም። ባለፈው አንድ ከማና የመጡ አባት ይቺኑ ይዘው ገቡ፣ ባትሪዋ ላይ ትልቅ 98 ተጽፏል።

"ልጄ፣ ይሄ ዘጠና ስምንት የሚለው ቮልት ነው ወይስ ሌላ?"

"አባባ፣ ማስታወቂያ ነው።"

"እንዴ፣ ታዲያ ሰውየው ቮልት ነው ብሎኝ ነው የገዛሁት!"

ባትሪውን ከፍተን አሳየናቸው፣ ውስጡ አምስት ሴል ነው በተከታታይ የተያያዘው። አንድ ሊቲየም ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፣ ሲባዛ አምስት 21፣ ስራ ላይ ደግሞ 18 ገደማ። 48 ይበል 88 ይበል 98 ይበል አምስት ሴል እስከሆነ ድረስ ያው ናት። ሻጩን 98 ቮልት ነው ካለ ባትሪውን በመለኪያ ለካልኝ በለው፣ መለኪያ ከሌለው ቢያንስ ዝም ይላል።

ስራዋን ግን አልክድም፣ ለቡና ቅርንጫፍ፣ ለአጥር፣ እጅ ለሚያክል እንጨት ፈጣን ናት፣ ሴትም ወንድም ሽማግሌም ይይዛታል። ክፋቷ ቀላል መምሰሏ ነው። አብዛኞቹ የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም፣ በአንድ እጅ ስለምትያዝ ሌላኛው እጅ ሄዶ የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ ይይዛል፣ ሰንሰለቱ ሲፈናጠር ደግሞ የሚያገኘው ያንን እጅ ነው። ትልቁን መጋዝ የያዘ ሰው ሁለቱም እጁ እጀታ ላይ ስለሆነ እጁን መቁረጥ ቢፈልግ እንኳን ይቸግረዋል። ስለዚህ ትንሿን የገዛህ ሰው ሌላኛው እጅህ የት እንዳለ እያየህ ቁረጥ፣ ቅርንጫፉን መያዝ ካለብህ ከባሩ ሁለት ክንድ ርቀህ ያዝ፣ ካልሆነ በእጅ መጋዝ ቁረጠው። የዘይት ታንክም ብዙ ጊዜ የላትም ወይ የምትጫን ትንሽ ነገር ናት፣ በየጥቂት ደቂቃው አንተ ጠብ እያደረግክ ነው።

ስለ ቤንዚኑ አንድ ነገር

ትልልቅ ግንድ ከመንገድ ርቆ ለሚጥል ሰው ቤንዚኑን የሚተካ የለም፣ ጉልበቱ ሌላ ነው። ለቤት ግን ዘይትና ቤንዚን መቀላቀል አለው፣ ካርቡሬተሩ ሳትጠቀምበት ስትቀር ይዘጋል፣ ቤንዚን ራሱ ጄሪካን ይዘህ ማደያ ስትሄድ ምን እንደሚሉህ ታውቀዋለህ። በዓመት ሁለቴ ሶስቴ ለሚቆርጥ ሰው ራስ ምታት መግዛት ነው።

ሰንሰለቱ

የፈለግከውን ዓይነት ግዛ፣ የሚቆርጠው ሰንሰለቱ ነው። 2400 ዋት ዱልዱም ሰንሰለት ያለውን መጋዝ ባለ 18 ቮልት የተሳለ ይበልጠዋል፣ ማጋነን አይደለም። መደንዘዙን የምታውቀው በሰጋቱራው ነው። የተሳለ ሰንሰለት የሚተፋው ወፈር ያለ፣ በጣት የሚነሳ ፍርፋሪ ነው። ዱቄት መትፋት ከጀመረ አልቋል። ሌላው ምልክት መጋዙ በራሱ አይገባም፣ አንተ ነህ የምትጫነው፣ እንጨቱ ይጨሳል፣ ወይ ደግሞ ቀጥ ብሎ መቁረጥ ትቶ ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል፣ መታጠፉ አንዱ ጎን ያሉት ጥርሶች ከሌላው ጎን አጥረዋል ማለት ነው።

መሳሉ ከባድ አይደለም፣ ግን ሞረዱ ክብ መሆን አለበት፣ ልኩም የሰንሰለቱ ልክ ነው። አብዛኛው የቤት ኤሌክትሪክ መጋዝ ላይ ያለው 3/8 ዝቅተኛ የሚሉት ሰንሰለት ነው፣ ለሱ 4 ሚሊ ሞረድ። 0.325 ከሆነ 4.8 ሚሊ ነው። ባትሪውን አውልቅ ወይ ስፒናውን ንቀል፣ ባሩን ማሰሪያ ላይ ጠበቅ አድርግ፣ ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ እየገፋህ ሳል፣ ስትመልሰው አንሳው፣ እየጎተትክ አትመልስ። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ብዙ ሰንሰለት ላይ ጥርሱ ራሱ ላይ ቀጭን መስመር አለ፣ እሷን ተከተል። አንዱ ጥርስ ሶስት ግፊት ከወሰደ ሁሉም ሶስት ይውሰድ፣ የቀኙን ጨርሰህ ዞረህ የግራውን። የጀመርክበትን ጥርስ በማርከር ቀለም ቀባው፣ ያለዛ ዞረህ እንደመጣህ አታውቅም። ጥርሱ ብዙ ጊዜ ተስሎ ሲያጥር ከፊቱ ያለችው ጉብታ ከፍ ትላለች፣ ያኔ ሰንሰለቱ የተሳለ ሆኖ አይነክስም፣ ጉብታዋን በጠፍጣፋ ሞረድ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ገደማ ዝቅ ማድረግ ነው። ከዛ በላይ ካወረድካት ግን መጋዙ እየነከሰ ያንገጫግጭሃል፣ አደገኛ ነው።

ሰንሰለት የሚያበላሸው እንጨት አይደለም፣ አፈር ነው። መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ ስትቆርጥ ጫፉ አንዴ አፈር ከነካ ጠዋት የሳልከው ሄደ። ከስሩ ጉማጅ አድርግ፣ ወይ ሶስት አራተኛውን ቆርጠህ አገላብጠው። አሮጌ የአጥር እንጨት ደግሞ ሚስማርና ሽቦ ውስጡ ተቀብሮ ነው የሚገኘው፣ ቆርቆሮ ተመትቶበት የነበረ ከሆነ በእጅ መጋዝ ቁረጠው፣ ሰንሰለትህን አታቃጥል።

ጥብቀቱን ለማየት ባሩ መሃል ላይ ከስር ይዘህ ሰንሰለቱን ወደ ታች ሳብ፣ ትንሽ ወርዶ ቦዩ ውስጥ ያሉት እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ሳይወጡ ስትለቀው ጠብ ብሎ መመለስ አለበት፣ በጓንት ይዘህ ስትጎትተው ደግሞ በቀላሉ ይዙር። አዲስ ሰንሰለት መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል፣ ደጋግመህ እይ። ሞቆ ሲረዝም አጥብቀኸው ከሆነ ስትጨርስ አላላው፣ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ባሩንም የሞተሩንም ዘንግ ያስጨንቃል። ጥብቀት ስታስተካክል የክዳኑን ዳዶ ትንሽ አላልተህ፣ የባሩን ጫፍ ወደ ላይ ይዘህ ነው።

አዲስ ሰንሰለት ገዝተው "አይቆርጥም" ብለው የሚመጡ አሉ፣ ግማሹ ተገልብጦ የገባ ነው። ባሩ ላይኛው ጎን ላይ ያሉት ጥርሶች ስለታቸው ወደ ጫፍ ማየት አለበት። ሌላ ሰንሰለት ስትገዛ ደግሞ "16 ኢንች ስጠኝ" ብቻ ብለህ አትሂድ፣ ፒቹ (የመቀጣጠያዎቹ ርቀት፣ 3/8 ወይ 0.325 የሚለው)፣ ውፍረቱና የእግሮቹ ቁጥር ሶስቱም መግጠም አለባቸው፣ አንዱ ባለ 16 ኢንች 56 እግር ሲሆን ሌላው 57 ነው። ባሩ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፣ ካልተጻፈ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ቁጠር።

ዘይቱ

ሰንሰለት ያለ ዘይት ሲዞር ባሩ ሰማያዊ እስኪሆን ይግላል። የሰንሰለት ዘይት ከተገኘ እሱን፣ ካልተገኘ አዲስ የሞተር ዘይት ለጊዜው ይሰራል። የተቃጠለ ዘይት ከጋራዥ በነጻ አምጥቶ የሚሞላ አለ፣ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ትንሿን ፓምፕ ይበላታል፣ እጅህና ልብስህ ላይ የሚረጨውም ለጤና ጥሩ አይደለም፣ ቡና ስርም ይፈስሳል። የምግብ ዘይት ለቀኑ ይሰራል፣ በዚህ ዋጋ ማን እንደሚደፍር ባላውቅም፣ ግን ታንክ ውስጥ ተረስቶ ከከረመ እንደ ሙጫ ይሆንና ሰንሰለቱን ያጣብቀዋል። ዘይቱ መውጣቱን ለማየት የባሩን ጫፍ ወደ ካርቶን አቅርበህ ሳታስነካ አንዴ አስነሳው፣ ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር ካልታየ ቀዳዳው በሰጋቱራ ተዘግቷል። ክዳኑን ፍታ፣ ቦዩን በቀጭን ነገር ጥረግ፣ የዘይት ቀዳዳዋን አጽዳ፣ የሞተሩን መተንፈሻ ቀዳዳዎች በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ባሩን በየጊዜው ገልብጠህ ግጠመው፣ በአንድ ጎን ብቻ እንዳይበላ። በውሃ ግን አትጠበው።

ስትቆርጥ

በጣም የሚፈራው ነገር ባሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ከጫፉም የላይኛው ግማሽ። እሱ ጋ ቅርንጫፍ ወይ ሌላ ግንድ ከነካ ሰንሰለቱ መንከስ ትቶ ባሩን ወደ ላይና ወደ ፊትህ ይወረውረዋል፣ አይተህ ለማምለጥ ጊዜ የለም። ለዛ ነው ከፊት እጀታው ፊት ያለችው የፕላስቲክ ጋሻ የተሰራችው፣ ወደ ፊት ስትገፋ ፍሬኑን ትይዛለች፣ ባሩ ሲወረወር የእጅህ ጀርባ ይመታትና ሰንሰለቱ ይቆማል። ስራ ስትጀምር ሁሌ ሞክራት፣ መሬት ላይ አስቀምጠህ አስነሳና ግፋት፣ ሰንሰለቱ ወዲያው ካልቆመ ዛሬ ስራ የለም። የግራ አውራ ጣት የፊት እጀታውን ዞሮ ይያዝ እንጂ ከላይ አይተኛ። መቆሚያህ ከባሩ መስመር ትንሽ ወደ ግራ ይሁን፣ ቢወረወር ጭንቅላትህን እንዳያገኝ።

ከትከሻ በላይ አይቆረጥም። መሰላል ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ቼይንሶው አይወጣም፣ ትንሿም ብትሆን። ሰሳ ዛፍ ላይ ወጥቶ በአንድ እጅ ቅርንጫፍ ይዞ በአንድ እጅ የሚቆርጥ ልጅ አይቻለሁ፣ ከስር ያለው ሰው ደግሞ "በርታ" ይለዋል። በረጅም ዘንግ የሚሰራ መጋዝ አለ፣ ከሌለ በእጅ መጋዝ ወይ በገጀራ።

ባለ ገመዱን የቆመ ዛፍ ለመጣል አትጠቀምበት፣ ዛፉ ሲንቀሳቀስ ሮጠህ መውጣት አለብህ፣ ገመዱ ደግሞ መውጫህ ላይ ነው ያለው። የቆመ ባህር ዛፍ ከቤት አጠገብ ካለ ልምድ ያለው ሰው ጥራ፣ ሌላው ሰው ሁሉ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ።

ሽርጥ ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ አይሆንም። ጠበቅ ያለ ሱሪ፣ ቡትስ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ ሻርፕ ወይ ሂጃብ ከሆነ ጫፉ ልብስ ውስጥ ይግባ። ጆሮህንም ሸፍን፣ ኤሌክትሪኩ ከቤንዚኑ ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ሲቆርጥ ጆሮ የሚጎዳ ድምጽ ነው። እግር ላይ የሚለበሰውን መከላከያ ካገኘህ ልበስ፣ ግን ብዙው የተፈተነው በቤንዚን መጋዝ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ሲያዝበት ጉልበቱን ስለማይለቅ ያንኑ ያህል ላያስቆመው ይችላል። ብቻህን ማሳ ውስጥ አትቁረጥ። ሰንሰለቱን የምትነካበት ሰዓት ሁሉ ባትሪው ወጥቶ መሬት ላይ፣ ስፒናው ተነቅሎ እጅህ ላይ።

ቡና ለሚጎነድል

ለጉንደላ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባር ያለው ባለ ባትሪ ይበቃል፣ ረጅም ባር ቡናው መሃል እየገባ ሌላውን ይነካል፣ ጫፉ ደግሞ ከላይ ያልኩት ነገር ነው። ከመሬት 30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው፣ ዝናብ ሳይገባ። ቅጠሉንና አፈሩን መጀመሪያ ጥረግ። ቡናን እንደቆመ የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ በቁስል ነው የሚገባው፣ ከታመመው ወደ ጤነኛው በመቁረጫ ይተላለፋል፣ ስለዚህ የጠወለገ ዛፍ ካለ በዛ መጋዝ አትንካው፣ ተነቅሎ እዛው ነው የሚቃጠለው። ለጥንቃቄም ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄድ ባትሪውን አውልቀህ ባሩንና ሰንሰለቱን በአልኮል ጥረግ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ከዛ ዘይቱን መልስበት። ያሰለቻል፣ ግን ማሳ ሙሉ ከማጣት ይሻላል። ዋንዛና ዝግባ ከሆነ ደግሞ የራሴ ግቢ ነው ብለህ ሳትነካው ቀበሌና ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

ሱቅ ውስጥ

ካርቶኑ ተከፍቶ ፍሬኑን ግፋና ጠቅ ሲል ስማ። ምላጩ ሌላ ቁልፍ ሳትጫን ብቻውን የሚሳብ ከሆነ አትግዛው። የዘይት ታንኩን መስኮት ፈልግ። "የዚህ ሰንሰለትና ባር ለብቻው አላችሁ?" በል፣ ከሌለ ማሽኑ የሚኖረው አንድ ሰንሰለት ያህል ነው፣ ሌላ ሱቅ ሂድ። አስነስቶ ያሳይህ፣ ድምጹ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ ብልጭታ ካየህ ወይ የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ መልስለት። የዋስትና ወረቀቱ ላይ ማህተምና ቀን ይኑር፣ የኤክስቴንሽኑን ሽቦ ደግሞ በዛው ቀን አብረህ ግዛ፣ ነገ እገዛለሁ ያለ ሰው ነው የቲቪውን ገመድ የሚሰካው።